መርዶ እስኪነገረው

እናታችን ያረፈችው መጋቢት ዐሥራ ሁለት ቀን ነው። ወንድሜ አካለ ወልድ አውሮፓ ከገባ አምስት ዓመቱ ነበር፤ የጥገኝነት ማመልከቻውን ውሳኔ ይጠብቃል። እኔና አባባ ደብረ ኤልያስ ነን።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ በማለዳ በሩ ላይ መቆም አለበት። ሲወድቅ የሚይዘው፣ አብሮት የሚያለቅስ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አብሮት ለሚኖረው ለመርጡለ ማርያሙ ልጅ ለእንዳላማው ደወልኩ።

«እዚህ ያገራችን ሰው የሚገናኘው በወር አንዴ፣ ለማኅበር ነው» አለኝ። «መርዶውን እስከ ሃያ ስድስት ልያዘው?»

«ያዘው። እስከዚያ የሚያስደነግጠውን ነገር ሁሉ ከፊቱ አርቅልኝ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

እናታችን ባረፈች በሁለተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። አካለ ወልድ ሥራ ላይ ስለነበር እንዳላማው ፈርሞ ተቀበለና ከፍቶ አየው። ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል። ይግባኝ የሚባለው በሁለት ሳምንት ውስጥ መሆኑ የተጻፈው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ እሱ የመጀመሪያውን ብቻ አነበበ። ሁለት ሐዘን ባንድ ጊዜ አይችልም ብሎ ፍራሹ ሥር ከተተው። መርዶው ከተነገረ በኋላም ለቀስተኛው እስኪያልቅ ጠበቀ። ሚያዝያ አራት ሲሰጠው ጊዜው ካለፈ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር።

ያማከረው ጠበቃ «የዘገየህበትን ምክንያት ካስረዳህ ፍርድ ቤቱ ተጨማሪ ጊዜ ሊፈቅድልህ ይችላል» አለው። ማስረዳቱ ለእኔ ደረሰ። ደብረ ማርቆስ ሄጄ መቅዲ ከምትባል ተርጓሚ ፊት ተቀመጥኩ።

«ስልክ እያላችሁ ለምን አልነገራችሁትም ይሉሻል።»

«እሱን እኮ ነው የምጽፍላቸው።»

የቀበሌውን የሞት ማስረጃ ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው። «የዚህ ማኅተም ግማሹ የለም።»

«ቀለሙ አልቆ ነው።»

«ታዲያ ግማሽ ሴትዮ ሞተች ብዬ ልተርጉም?»

ከቀብሩ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። እሷ ግን ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ሁለት ገጽ ጻፍን፤ በር ላይ ስለሚቆሙት ሰዎች፣ ለምን በማለዳ እንደሆነ፣ ሁሉንም። ማኅተሙንም ቀበሌ ተመልሼ አስደገምኩ።

መልሱ ሰኔ ላይ ወጣ። አካለ ወልድ ደውሎ አነበበልኝ። ደብዳቤው ቤቱ ደርሷል፤ አብሮት የሚኖር ሰው ፈርሞ ተቀብሏል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ጀምሮ ነው። ተጨማሪ ጊዜ አልተፈቀደም። በሠላሳ ቀን ውስጥ አገሩን ይልቀቅ።

«እንዳላማውን እንዳትቆጪው፣ እቴ» አለኝ። «እህል አይቀምስም።»

«እሱ ምን አደረገ? ያዘዝኩት እኔ።»

ባቡር ሲያልፍ ይሰማኛል።

«በጊዜው ብትነግሩኝም የእማዬን ሞት ሰምቼ ጠበቃ ጋ አልሄድም ነበር።»

እውነቱን ነው ወይስ እኔን ለማሳረፍ፣ አልጠየቅሁትም። ከሐምሌ አጋማሽ ወዲህ ስልኩ አይነሣም። ልብሱን ይዞ፣ ወዴት እንደሚሄድ ሳይናገር መውጣቱን እንዳላማው በወጣበት ቀን፣ ሳያሳድር በስልክ ነገረኝ።