ለአሥር አካፍል

ከአበባ ውስጥ ቢጫ በማውጣት ከሰማይ በታች አቻ የለኝም። በዚህ ቤተ ሙከራ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፤ በእጄ ያለፈው አበባ ቢደረደር ጨረቃ ደርሶ ይመለሳል። እሺ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ነው። የምናወጣው ኬርሴቲን ይባላል፤ ተክሉ ፀሐይ እንዳታቃጥለው የሚሠራው ቢጫ ነገር ነው። ከአንድ ጆንያ አበባ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ብታገኝ ነው።

እዚህ ቤት አንድ ደንብ አለ፤ ከኔ አፍ የወጣ ቁጥር ሁሉ ለአሥር ይካፈላል። ደንቡን ያወጣችው ከጎኔ ምርምሯን የምትሠራው ተማሪ ናት። ስቄ ተቀበልኳት፤ ከሀብታም ላይ ቢቀንሱ አይጎድልበትም።

ያን ሰሞን ግን ደክሞኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ስዘፈዝፍ፣ ሳጠል፣ ሳተን ወገቤ ተቆርጧል። ያገኘኋትን ቢጫ በአልኮል አሟሙቼ በብልቃጥ ሰጠኋት።

«ስንት ናት ጋሼ?»

«ሃያ ሚሊግራም።»

ለማጋነን እንኳ አቅም አልነበረኝም፤ ሚዛኑ ያለውን ደገምኩ። እሷ ደንቡን አክብራ ሁለት ብላ ጻፈች፤ ከዚያም ብልቃጡን እንዳለ፣ ወር ሙሉ ስታሳድጋቸው በከረመችው፣ ከሁለት ሚሊግራም በላይ በማይችሉት ሴሎች ላይ አፈሰሰችው።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅራለች።

«ጋሼ፣ ሁሉም ሞተዋል።»

«ስንት ሰጠሻቸው?»

«የሰጡኝን፤ ሁለት ሚሊግራም።»

«ሃያ አላልኩሽም?»

«ብለዋል! ለዚህ አይደል ሁለት ያደረግኩት!»

«እውነቴን ነበር እኮ።»

«ምነው ታዲያ እውነት ሊናገሩ ሲሉ ቢያስጠነቅቁኝ!»

አልሳቀችም። የመመረቂያ ጽሑፏን የምታስረክበው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው፤ አሁን ቢጫውም የለ፣ ሴሎቹም የሉ። ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

መጋዘን ገብቼ የቀረችውን አንድ ጆንያ አበባ እያቃሰትኩ ጎትቼ አመጣሁ። ሚዛኑ ላይ ጫንኳትና፣ ቁጥሩን በገዛ ዓይኗ እንድታነበው ሰሌዳውን ወደሷ አዞርኩላት።

ጎንበስ ብላ አነበበችው። «ይበቃል» አለች። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሦስት ቀን» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ሁለታችን ከሠራን ስድስት ሳምንት።»

ቀና አለች። «ለአሥር ላካፍለው?»

«አታካፍዪው ልጄ። እባክሽ።»

እጅጌዋን ሰብስባ የጆንያውን አፍ ፈታች።