የጠራዡ ግማሽ ወረቀት

በዚያ ዓመት ዝናቡ አራት ወር አላባራም። ሙጫ አልደርቅ አለ። ወረቀት አበጠ፤ ደንበኛ ጠፋ። መጽሐፍ ጠራዡን ሳል ያዘው፤ በዘጠኝ ቀኑ ሞተ።

ቤቱና ሱቁ አንድ ነው። በሦስተኛው የሐዘን ቀን ለቀስተኛው በመደርደሪያዎቹ መሃል ተጣብቦ ሻይ ይጠጣል። ከባሕር ማዶ ቤተ መዛግብት የመጣው ሰው ከጠራዡ ሴት ልጅ ፊት ቅጽ ዘረጋ።

"እዚህች ላይ ይፈርሙልኝ።"

የመጣው ለአሥራ ሁለት ደብተሮች ነው፤ እስር ቤት የሞተ ደራሲ የእጅ ጽሑፎች ናቸው። አባቷ ለሠላሳ ዓመት በነጋዴ መዝገብ ሽፋን ደብቋቸው ኖሯል። ዝናቡ ሲጠና ግን "እየበሰበሱ ነው፤ አድኗቸው" ብሎ ጻፈላቸው። የማን እንደሆኑ አልጻፈም።

"ምን ይላል?"

"የአባቴ ንብረት ነበሩ ይላል። ከማን እጅ እንደመጡ ሳናውቅ ድንበር አናሻግርም።"

"እኔም አላውቅም።"

"ይፈርሙና ይታወቃል።"

ጎረቤታቸው አናጺው ሻዩ ትን አለው። "በፊርማ ከሆነማ እኔም የንጉሥ ልጅ ነኝ!"

እሷ አልሳቀችም። አባቷ ሥራ ሲቀበል የባለቤቱን ስም ቁራሽ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ጽፎ መሃሉን ይቀደው ነበር። ግማሹ ለባለቤቱ፣ ግማሹ ከመጽሐፉ ጀርባ ውስጥ ተሰፍቶ ይቀመጣል። ሥራው ሲወሰድ ሁለቱን ያጋጥምና "ዕዳ አለቀ" ብሎ ቀዳዶ ይጥላቸዋል።

ወስፌውን አነሳች።

"ኧረ እባክዎ፣ ይበላሻል!" አለ ሰውየው።

"በአባቴ ስፌት አይምጡብኝ።"

የመጀመሪያውን ደብተር ጀርባ ፈታች። ግማሽ ወረቀቱ ወጣ፦ "የደራሲው እህት፤ አደራ።"

እህትየው በሩ አጠገብ ናት፤ ሦስቱንም ቀን መጥታለች። የጠራዡ ልጅ ያኔ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ አሥር ዓመቷ ነበር። አባቷ ለዚችው ሴት "ፍተሻ መጣብኝ፤ አቃጠልኳቸው" ሲላት ከመጋረጃው ኋላ ሰምታለች፤ ስለ ምን እንደሆነ የገባት ግን ገና አሁን ነው። ፍርሃት ነበር ያናገረው። አገር ሲረጋጋ ደግሞ እፍረት አፉን ያዘው።

ደብተሮቹን ተሸክማ ሄደች፤ አሮጊቷ ጭን ላይ አኖረቻቸው።

"እትዬ፣ አባቴ ዋሽቶዎታል። አልተቃጠሉም።"

አሮጊቷ አንዱን ገለጠች፤ ጣቷ በመስመሩ ላይ ሄደ።

"አውቃለሁ። ያን ቀን ዓይኔን አላየኝም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"መጀመሪያ እዚህ ይሻላቸዋል ብዬ። ኋላ ግን ራሱ ይንገረኝ ብዬ ጠበቅሁ። እሱ አፋር፣ እኔ እልኸኛ፤ ይኸው ቀደመኝ።"

ከቦርሳዋ የተጣጠፈ ግማሽ ወረቀት አወጣች። ልጅቱ ሁለቱን አጋጠመች። ልክ ገጠሙ።

ሰውየው ብድግ አለ። "እሱ እኮ ማስረጃ ነው! እንዳይቀዱት!"

"ማስረጃዎ እዚህ ተቀምጠዋል። ደብተሮቹ ይሂዱ ካሉ ይሄዳሉ፤ ይቅሩ ካሉ ይቀራሉ። እሳቸውን ይጠይቁ።"

ሁለቱን ደርባ ቀደደቻቸው፤ አንዴ፣ ደግሞም አንዴ። "ዕዳ አለቀ" ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅ እምቢ አላት።

አሮጊቷ አለችላት።