ከበሮ የማይቀሰቅሰው ኮምፒውተር

እሁድ ጠዋት፣ የቤተ ክርስቲያኑ የከበሮ ጥሪ ተመትቶ ምእመኑ ለጸሎት ጸጥ ሲል፣ ከጎን ካለው አዳራሽ የጭፈራ ዘፈን አምባረቀ። ላቪኒያ አንገቷን ደፋች። ቅዳሜ ማታ ወጣቶቹ ሲለማመዱ አምሽተው፣ ሰንበት ሳይገባ ለመበተን ሲጣደፉ፣ ዘፈኑን ሳትዘጋ፣ ኮምፒውተሩንም ሳታጠፋ በ«ስሊፕ» ያስተኛችው እሷ ነበረች። ግን ማን ቀሰቀሰው? አዳራሹ ተቆልፏል።

ሰኞ ጠዋት መጋቢ ሴሚሲ አስጠሯት።

«ልጄ፣ ሰንበት የሚሽር ዕቃ እዚህ ግቢ አይቀመጥም። እስከ ማታ መላ ካላገኘሽለት ይወጣል።»

በፓስፊክ ውቅያኖሷ አገር በቶንጋ ከዋናው ከተማ ርቃ በምትገኘው በዚያች ደሴት ሌላ ኮምፒውተር የለም። የመምህርነት ትምህርቷን በርቀት የምትከታተለው በሱ ነው። እንዳታጠፋው ደግሞ አሮጌ ነው፤ አንዴ ከጠፋ ለመነሳት ግማሽ ቀን ያስለምናል።

ዘፈኑ የተነሳው ልክ ከበሮው እንደተመታ መሆኑ ትዝ አላትና ቀጥታ ወደ ከበሮ መቺው ሄደች።

«አጎቴ ኪቲዮኔ፣ አንዴ ይምቱልኝ።»

«ከበሮዬን ልትከሺ ነው? ደግሞ ሰኞ ብመታው መንደሩ ሰው ሞተ ብሎ ነቅሎ አይመጣም?»

«ይምጣ!»

ኮምፒውተሩን አስተኝታ ጠረጴዛው ላይ አፈጠጠች። ከግንድ የተፈለፈለው ከበሮ ከአዳራሹ ግድግዳ ጥግ ነው የሚቀመጠው። ሲመታ የእንጨቱ ወለል ነዘረ፤ ማውሱ ቅንጣት ታህል ተንሸራተተ፤ ስክሪኑ ቦግ አለ።

«ያዝኩህ!»

የማውሱን ገመድ ነቅላ አስደገመች። አልነቃም። ገመዱን መለሰችና፣ ማሽኑን መቀስቀስ የሚችለው የትኛው ዕቃ እንደሆነ የሚወሰንበትን ቦታ ከኮምፒውተሩ ማስተካከያ ውስጥ ፈልጋ ማውሱን ከለከለች። ፈቃዱን ለኪቦርዱ ብቻ ተወችለት።

ቀና ስትል በሩ በሰው ተጨናንቋል። ከእርሻ ጭቃቸውን ይዘው የመጡ፣ ዓሣ ሲያጸዱ ቢላቸውን እንደያዙ የሮጡ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም! ኮምፒውተሩ እንዳይነቃ ነው የምንመታው።»

«ለማስተኛት ከበሮ? ይቺ ልጅ አበደች!»

መጋቢ ሴሚሲ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ገቡ። «እንግዲያው እንደ እሁድ ይመታ።»

ኪቲዮኔ እጅጌውን ሰበሰበ። መስኮቶቹ ተንጫጩ፤ ማውሱ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ስክሪኑ ጭልም እንዳለ ቀረ።

«ምናልባት የሞተው እሱ ነው» አለች አንዷ።

ላቪኒያ በአንድ ጣቷ ኪቦርዱን ነካችው። ስክሪኑ ሲበራ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። መጋቢው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው፣ «በሉ ውጡ፣ ልጅቷ ትማርበት!» ብለው ሰዉን በሙሉ ወደ ደጅ ነዱት።