ኮምፒውተሩ ነው

...ካልተገጠመስ ምን ይላታል፣ ተሰብሮ ደረሰ ይላታል? የሥራ ባልደረባው ሙጠሊብ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ፣ በነጠላ ጠቅልሎ፣ ከሾፌር ወንበር ኋላ ራሱ የሚተኛበት ላይ አስተኝቶ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያደረሰው እቃ ተሰበረ ይባላል? ውሸት ሲያልቅ አያድርስ ነው፣ ከይረዲን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ እቃው ጭኑ ላይ ነው፣ ግራፊክስ ካርድ ይሉታል፣ ሁለት ትንንሽ ማራገቢያ አለው፣ አንዷን በጣቱ ሲነካት ትዞራለች። ያገለገለ ነው አባዬ፣ ግን ጨዋታውን እንደ ውሃ ያፈሰዋል፣ ብላው ነበር ሁዳ በስልክ። ልጅቱ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ለአረፋ ልብስ አይገዛልኝ ብላ፣ እናቷን አስለቅሳ የገዛችው ነው። ልብስ አይገዛልኝ ብላ።

ልግጠመው ወይስ ልሂድ? ይላል ዓብዱሰመድ። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የኮምፒውተሩን ጎን ፈቶታል፣ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። ካርቲየ 2 ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግን የድሬ ልጅ ነው፣ ታላቁንም ታናሹንም አንተ ነው የሚል። ቆይ እስቲ። አቦ ምን ቆይ አለው፣ ሰው ይሄን ቢያገኝ ይስመዋል እንኳን ሊቆይ! ቆይ አልኩህ። እሺ ቆየሁ።

ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ሙቀቱን ስንቴ አሳበበበት፣ ኮምፒውተሩ ግሎ ነው ሁዳዬ፣ ኃይሉ እየወረደ ነው፣ ኔትወርኩ ነው፣ የጅቡቲ ሐምሌ እኮ ብረት ያቀልጣል። ታምነዋለች፣ ምን ታድርግ፣ አባቷ ነው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፣ የሱ ምን ሆኖ ነው እያደር የሚከብደው?

ጨዋታው የተሳቢ መኪና ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን፣ የሾፌር ልጅ አይደለች። እሷ አዲስ አበባ፣ በእናቷ በሱሪያ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ላይ፣ እሱ እዚህ ካርቲየ 4፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ በኢንተርኔት ባንድ መንገድ ይነዳሉ። እሱ ነው ያስተማራት፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻውን አይታመንም፣ ማርሽ ቀንሺ፣ ከፊትሽ ያለው መኪና የቀኝ ፍሬቻ ካበራልሽ መንገዱ ባዶ ነው እለፊኝ ማለቱ ነው፣ የግራ ካበራ የሚመጣ አለ፣ ቆዪ ማለቱ ነው፣ ይሄን መጽሐፍ ላይ አታገኚውም የኔ ልጅ፣ ሾፌር ለሾፌር የሚነጋገርበት ነው። አንዴ ነግሯት አልረሳችም። ዛሬ ዛሬ ፊት ፊት የምትነዳው እሷ ናት፣ ለአባቷ ፍሬቻ ታበራለታለች፣ እሱም አያየውም።

ይኸው፣ አያየውም። ከዳር ከዳሩ እየጠበበ፣ እየጠበበ መጥቶ አሁን በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ሆኗል፣ ቀዳዳዋም ደፍርሳለች። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ አለው፣ ረጅም ነገር አለው፣ ነርሷ ወደ አማርኛ ስትመልስለት ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ ጠብታውን ሳታቋርጥ አድርግ፣ አብሽር ወንድሜ። አብሽር ስትለው ነው የገባው።

ከዚያ በፊትም ግን ያውቅ ነበር። የዲኪሉን መንገድ ማን ይረሳል፣ ሙጠሊብ መኪናው ተበላሽቶበት አጠገቡ ተጭኖ ነበር፣ ወሬ ላይ ነበሩ፣ ድንገት ሰው! ሰው! ከይሩ ሰው! ብሎ መሪው ላይ ወደቀበት፣ መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ ጠጠሩን እየፈጨ ቆመ፣ ያገሩ ልጆች ነበሩ፣ ጄሪካን አንጠልጥለው ወደ የመን የሚያሻግራቸውን ባሕር በእግራቸው የሚፈልጉ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በትልቁ መንገድ፣ ሰባት ይሁኑ ስምንት፣ አንዷ ልጅ ወድቃ ተነሳች፣ ነጠላ ጫማዋ አስፋልቱ ላይ ቀረ፣ አልነካትም፣ አልሐምዱሊላህ አልነካትም፣ ግን አላያትም። ያን የሚያህል ሰው በቀን አላየም። ሙጠሊብ ወርዶ ያለውን ውሃ ሁሉ አወጣና ሰጣቸው፣ ተመልሶ፣ ቁልፉን ስጠኝ አለው፣ ሌላ ቃል አልጨመረም፣ እስከ ዛሬም ለማንም አልተነፈሰም። ከይረዲን ያን ቀን የሰጠውን ቁልፍ መልሶ አልተቀበለም። አሁን መኪና ማቆሚያው አጠገብ የዕቃ አስተላላፊዎች ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሾፌሮች ስልክ ይደውላል፣ ተራህ ደርሷል፣ ግባ፣ ውጣ፣ ለዚህ ጆሮ ይበቃል።

ቤት ግን ሾፌር ነው። ሁዳ ለጓደኞቿ አባቴ ባሕሩ ድረስ ነው የሚነዳው ትላለች። ዘንድሮም ለአረፋ አልሄደም፣ አምናም አልሄደም፣ ሥራ በዛብኝ። ቢሄድ ደጃፉ ላይ ይደናቀፋል፣ ሱሪያ በአንድ እይታ ታነበዋለች፣ ተው በቃ ና ግባ ትለዋለች፣ ይገባል፣ ከዚያስ? ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ወንበር አውጥተውለት የመንገደኛ ኮቴ ሊቆጥር ነው፣ ልጁ ክንዱን ይዛ መስጊድ ልታደርሰው ነው፣ አባቴ ነው የሚነዳው ያለች ልጅ አባቷን ልትነዳ ነው። ኧረ አያሳየኝ።

ባለፈው ዓርብ ነው ነገሩ የመጣው። ፊቱ ሆና ፍሬን ይዛ ነበር፣ ኋላዋ መብራቱ በርቶ ነበር፣ እሱ እንደ ጉድ እየጋለበ ሄዶ ተሳቢዋን ከኋላ ገጨው። ከዚያ፣ አይዞህ አባዬ፣ ኮምፒውተሩ ነው፣ አለችው። ሱሪያ ከወዲያ ምን ሆነ ስትል ይሰማል፣ ምንም፣ የአባዬ ኮምፒውተር ይጎተታል። ማዳመጫውን አውልቆ አለቀሰ፣ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ዓይን ቢታመምም እንባው አልታመመ።

እና ይገጠም? ከተገጠመ ማሳበቢያው አለቀ። ካልተገጠመ ትጠብቀዋለች፣ ልማዷ ነው፣ ዳር ይዛ ቆማ ድረስብኝ ትለዋለች፣ እስከ መቼ ድረስ? ዛሬ ይሄን ላከች፣ ነገ የኮምፒውተሩ ራም ነው ትላለች፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ፣ ላልታመመው መድኃኒት እየገዛች በላይዋ ላይ ልብስ ሊያልቅ ነው። አንተ ከይረዲን አታፍርም?

ግጠመው።

አንተ ሰውዬ ልቤን ልታፈነዳው ነበር እኮ፣ ይላል ዓብዱሰመድ፣ ብሎኑን ያጠብቃል፣ ገመዱን ይሰካል፣ ማራገቢያዎቹ ይነሳሉ፣ ጨዋታው ይከፈታል። አቦ ይመችህ! እይ እይ፣ የመንገዱ ጠጠር እኮ ይቆጠራል! ዛፏን እያት፣ ቅጠሏን! ከይረዲን ያያል፣ አፍንጫው የኮምፒውተሩን መስታወት ሊነካ ምንም አልቀረው፣ ፈልጎ ፈልጎ መንገዱን ያገኛል። ጭጋጉ አይንቀረፈፍም እንጂ ያው ጭጋግ ነው። ቆንጆ ነው፣ ይላል። ቆንጆ ብቻ! ይላል ዓብዱሰመድ፣ በጣም ይከፋዋል።

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ ሁዳ ናት፣ አባዬ? ተገጠመ? ተገጠመ። ይፈሳል? ይፈሳል። ወላሂ በል። ወላሂ። ይሄ እንኳ እውነት ነው፣ በዚህ አይጠየቅም። እልል ትላለች፣ በዚያ ፎቶ ኮፒ በሚያሠራ ሰው መሃል እልል ትላለች፣ በል እንግዲህ ዛሬ አልጠብቅህም፣ ምክንያት የለህም፣ ትላለች፣ ሞተሯ ሲነሳ ይሰማዋል፣ ቢጫ ነገር ይንቀሳቀሳል፣ ተሳቢዋ ነው፣ ያንን ቢጫ ይከተላል፣ ሳቋ ጆሮው ውስጥ ነው፣ ቢጫው ያንሳል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ጎበዝ አባዬ ደረስክብኝ! ትላለች፣ ፍሬቻ አብርቼልሃለሁ።

የቱን?

ቀኙን ከሆነ ይለፍ። ግራውን ከሆነ ከፊት የሚመጣ አለ። ጨዋታ ነው፣ ማንም አይሞትም፣ ቢገጭ ጨዋታው ራሱ መልሶ ያቆማቸዋል፣ ግን ነጠላ ጫማዋ አስፋልቱ ላይ፣ ሰው ከይሩ ሰው፣ ጣቱ ከቁልፉ ላይ ይነሳል፣ እግሩ ሳያዘው የክፍሉን ባዶ ሲሚንቶ ይረግጣል፣ አጥብቆ ይረግጣል፣ መኪናው መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። ምነው ቆምክ፣ ኧረ ይሠራል እኮ! ይላል ዓብዱሰመድ፣ ሥራው የተሰደበበት ይመስል። አባዬ፣ ትላለች ሁዳ፣ ስታክ አደረገብህ እንዴ?

አዎ ቢላት ይበቃል። ራሷ አዘጋጅታ ያቀረበችለት ነው፣ አዎ ብቻ።

አይ፣ ይላል ከይረዲን። እሱ ደህና ነው፣ በጣም ደህና ነው የኔ እናት፣ ዓይኔ ነው።

ቀስ ብላ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣

የትኛው? ትላለች።

ሁለቱም።