ማድ ቤት የከረመ ጊታር

ሰው «ሊሊሴ ምላሷ አያርፍም» ይለኛል። ይበል! ያን ቅዳሜ ምላሴ አርፎ ቢሆን ኖሮ ጊታሩ ከቤታችን ወጥቶ ይቀር ነበር፤ ባሌም ሁለተኛ ጊታር አይነካም ነበር። እኔ እግዚአብሔርን የማመሰግነው በዚሁ ምላሴ ነው፤ ማንም አያፍርብኝ።

ባሌ ያደታ አናጢ ነው። እዚሁ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ በርና አልጋ ይሠራል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ጊታር ይመታል። ከአምስት ወር በፊት የእንጨት መላጊያው ማሽን ግራ እጁን ያዘው። ሐኪሞቹ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ አምስቱንም ጣቶች አተረፉለት፤ ሁለቱ ግን ገተር ብለው ቀሩ። «ጣቶችህን አሠራቸው፣ ቀስ በቀስ ይታዘዙሃል» አሉት። እሱ ግን እጁን ኪሱ ከትቶ መዞር ጀመረ። ወደ ሥራው ሲመለስም በቀኙ መዶሻ ይይዛል፤ በግራው ሚስማር እንኳ አይደግፍም። ጊታሩንማ «ከዓይኔ አርቂልኝ» ብሎኝ ማድ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

አርብ ዕለት በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። የመዘምራኑን መሪ ኦቦ አሜንን፣ «ጊታሩ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው፤ ነገ ከሰዓት መጥተው ይውሰዱና ለሌላ ሰው ይስጡት» ይላቸዋል። ጊታሩ ከዚህ ቤት ከወጣ ይሄ ሰው መቼም እንደማይመልሰው አውቃለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ እኮ። ለመንኩት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጮህኩበት፤ ጭራሽ ብርድ ልብሱን ተከናነበ።

ቅዳሜ ጠዋት ጊታሩን ከግድግዳው ባወርደው ጉድ አየሁ። አምስት ወር የከሰል ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ በላዩ የወጥ ዘይት ፍንጣቂ ደርቆበታል። በጣቴ ብነካው ተጣበቀብኝ። እናቴ የተዋሰችውን ወንፊት እንኳ ሳታጥብ ለባለቤቱ መልሳ አታውቅም። ይሄን ለኦቦ አሜን እንዴት ብዬ ልስጥ? ሳፋ ውስጥ ውሃ ቀዳሁ፣ የዱቄት ሳሙና በጠበጥኩ፣ ጊታሩን ይዤ ሳሎን ገባሁ። ያደታ አግዳሚው ላይ ተጋድሞ የተኛ መስሏል።

እርጥቡን ጨርቅ ገና ሳሳርፈው፣ «ውሃ ነው እንዴ?» ብሎ አንባረቀ።

«ታዲያ በምን ልጠበው? በአረቄ?»

«እንጨት እኮ ነው ሴትዮ! ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሙጫው ይለቃል። ያንን ሳፋ ወዲያ በይው! ጨርቁን ጭመቂው። ኧረ ጭመቂው! ብቻ ትንሽ ወዛ ይበል። ከፈለግሽ ሁለት ጠብታ አቼቶ ጨምሪበት።»

ዓይኑን አልገለጠም፤ ጆሮው ግን ከእኔ ጋር ነበር። እንዳለኝ አደረግሁ። ጥላሸቱ እየለቀቀ የጊታሩ ሆድ ቀይ ዳማ ሆኖ ብቅ ሲል ደስ አለኝ። ሦስት ጨርቅ አጠቆርኩ።

ጣት የሚያርፍበት አንገቱ ግን ዘይት እንዳልነካው ተረከዝ ደርቆ ነጥቷል። ለደረቀ ነገር እኛ የምናውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ቅቤ። የራስ ቅል ቢደርቅ ቅቤ፣ ጠፍር ቢደርቅ ቅቤ። እናቴ ከአርጆ የላከችው ነበረኝ፤ በሁለት ጣቴ ዘግኜ ከላይ እስከ ታች ለቀለቅሁት። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ያደታ ቀና አለ።

«ምን... ቅቤ ነው? ጊታር ነው ወይስ ሙሽራ?»

ሳቀ። በኋላ «አልሳቅሁም» ብሎ ተከራክሮኛል፤ ስቋል። አምስት ወር ሙሉ ያንን ሳቅ ጠብቄው ስለነበር እኔ ለራሴ ማልቀስ ዳዳኝ።

«ጥረጊው፣ ጥረጊው! የሚበላ ቅባት እንጨት ላይ ይገማል። ጉንዳን ልታሰፍሪበት ነው? እትዬ በዛብሽ ጋ የሕፃን ገላ የሚቀቡበት ዘይት አይጠፋም፤ እሱ አይገማም። ሂጂ ጠይቂያቸው።»

እትዬ በዛብሽ ጎረቤታችን ናቸው። ልጃቸው ወልዳ ከአራስ ቤት የወጣችው ገና በቅርቡ ነው። ቤቢ ኦይሉን ስጠይቃቸው፣ «ደግሞ ማን ወለደ?» አሉኝ።

«ማንም አልወለደም፤ ለጊታር ነው።»

«በስመ አብ! የእናንተ ቤት ጉድ አያልቅም» አሉና ጠርሙሱን ሙሉውን ሰጡኝ። ይኑሩልኝ።

ስመለስ ያደታ ተነስቶ ተቀምጧል፤ ግራ እጁ ግን ያው ኪሱ ውስጥ ነው። ክሮቹን እንዴት እንደማላላ፣ እንዴት እንደምፈታ እየነገረኝ ፈታሁ። አንገቱ ላይ በየጣቱ ቦታ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። ለዝገት የማውቀው መላ አልቆብኝ ዞር ስል የበረኪናውን ጠርሙስ አየሁ።

አሁን እውነቱን ልናገር። ውሃውንም ቅቤውንም ባለማወቅ ነው። በረኪናውን ግን አውቄ ነው ያነሳሁት። ክዳኑን እየከፈትኩ፣ ዓይኔን ከሱ ላይ ሳልነቅል፣ «ዝገቱን ያነጣዋል አይደል?» አልኩት።

ዘሎ ተነሳና ጊታሩን ከእጄ መነጨቀኝ። በሁለት እጁ! ጠርሙሱን ከድኜ ቁጭ አልኩ።

«አንቺ ሴት ትገድይኛለሽ» እያለ ጭኑ ላይ አጋደመው። ከሆስፒታል የተረፈውን የቁስል ፕላስተር አስመጣኝ፤ እንጨቱ እንዳይጫር ብሎ በየብረቱ ግራና ቀኝ ለጠፈ። የድስት መፈግፈጊያውን ሽቦ ቆርሶ በስሱ ፈተገ፤ ጥርስ ሳሙና በአሮጌ ብሩሽ አስከትሎ በደረቅ ጨርቅ ወለወለ። ብረቱ እንደ አዲስ ሳንቲም አበራ። ፕላስተሩን አንስቶ ሁለት ጠብታ ዘይት ጨርቅ ላይ አድርጎ አሸው፤ የተረፈውንም መልሶ ጠረገው። የነጣው እንጨት ጠቆረና ወዝ አገኘ። ይህን ሁሉ ሲሠራ ያ ግራ እጅ ይይዛል፣ ይደግፋል፣ ይጫናል። እሱ አላስተዋለም። እኔ ያየሁትን እንዳየሁ ቢያውቅ መልሶ ኪሱ እንዳይከተው ፈርቼ ወለሉን ማየት ጀመርኩ።

ክሮቹን ጠርጎ መለሳቸው፤ ቃኛቸው። ከዚያ አናጢ አይደል፣ የሠራውን ሳይፈትሽ አይተውም፤ ብረቶቹ ክሩን የሚነኩት በልካቸው መሆኑን ለማየት በየቦታው እየተጫነ በቀኙ መምታት ጀመረ። አንዱ ጥሩ ጮኸ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ያ ገተር ያለው ጣት ደረሰና ዝዝዝ አለ። ደግሞ ተጫነው። ዝዝዝ። ይሄኔ ነው ቆም ብሎ እጁን ያየው።

ጣቱን ወደ ብርሃኑ አቅርቦ አገላበጠው።

«ሊሊሴ» አለኝ፣ «ጠልቼው መስሎሽ ነበር። ፈርቼ ነው። ካልሞከርኩት ጣቴ ገና አልሞተም ብዬ እተኛለሁ፤ ሞክሬ እንቢ ቢለኝስ?»

«ሞከርከው እኮ።»

«መጥፎ ድምፅ ነው።»

«በጣም መጥፎ ነው» አልኩት፤ ለባሌ ብዬ አልዋሽም። «ድገመው።»

ደገመው። እየደጋገመው ሳለ ውጭ ባጃጅ ቆመ፤ በሩ ተንኳኳ። ኦቦ አሜን ነበሩ። እሳቸው ከአርባ ዘማሪ መሃል የአንዱን ድምፅ መሳት የሚለዩ ሰው ናቸው። ከተቀመጥኩበት ተነስቼ በሩን በግማሽ ከፍቼ መግቢያውን ሞልቼ ቆምኩ።

«ጊታሩን ልወስድ ነበር የመጣሁት» አሉኝ።

«ገና አልጸዳም፣ ኦቦ አሜን።»

ከኋላዬ ዝዝዝ አለ። ከዚያ ደግሞ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ግን ጥርት ያለ አንድ ድምፅ ወጣ። የዚያኑ ጣት ድምፅ ነው፤ አወቅሁት። ኦቦ አሜን ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ለባሌ የማልዋሸው ሴት፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ፊት ቆሜ፣ «አቤት ቆሻሻው! ስንት ቀን እንደሚፈጅ እንጃ» አልኩ።

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ሳትጨርሱ እንዳትመልሱት» አሉኝ በሹክሹክታ። «ወሩንም ይፍጅ፣ ዓመቱንም ይፍጅ።»

እጃቸውን ይዤ ሳምኩት። ወደ ባጃጁ ተመልሰው ለሹፌሩ የሆነ ነገር ነገሩት፤ ልጁ ወርዶ መሪውን ያዘ፣ እሳቸውም በዚያ ዕድሜያቸው ከኋላ ደገፉ። ሞተሩን ሳያስነሱ፣ የያደታን ጣት ላለመረበሽ፣ ባጃጁን እስከ ቁልቁለቱ ድረስ እየገፉ ሄዱ። እኔ በሩን ተደግፌ፣ «ገለታ ዋቃዮፍ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ እነሱ ከዓይኔ እስኪጠፉ አለቀስኩ።