ትንቢተኛው ሙክት በቦጋለ ጋራዥ

ፈረንጆች ሁለት ሺህ ስድስት በሚሉት ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ በአሜሪካ የብሩክሊን ፓርክ ከተማ የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው ቦጋለ ለልጁ ክርስትና ሙክት ሊገዛ አንድ ገበሬ ዘንድ ሄደ። ገበሬው አልነበረም። ሚስቱ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «በሩ አጠገብ ያለውን ነጩን ውሰድ» አለችው። በሩ አጠገብ ሁለት ነጫጭ ሙክቶች ቆመዋል። ቦጋለ ያማረውን መረጠ።

በማግስቱ እሑድ የቦጋለ ሚስት መቅሊት ሕፃኗንና እንግዶቹን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ቆየች። እሱ ቀደም ብሎ ወጥቶ ከጎረቤቱ ከሆርዶፋ ጋር ጋራዡ ውስጥ ቢላዋ ይስላል። ለአምስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ መኪና ከነአንቴናው ደጃፉ ላይ ቆመ። ገበሬው አድራሻውን የሰጣት ካረን የምትባል የፕሮግራም አዘጋጅ ዘላ ወረደችና ቢላዋውን ስታይ ጮኸች።

«አቁሙ! እሱ የኛ ባልደረባ ነው!»

ሆርዶፋ ቢላዋውን ከኋላው ደበቀ።

ለካስ ቦጋለ በስህተት የወሰደው ሙክት በየእሑዱ፣ በእጅ ከሚጫወቱት የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ በፊት በሚተላለፈው ፕሮግራም ላይ አሸናፊውን የሚተነብይ ኖሯል። ሁለት ባልዲ በቆሎ ይቀርብለታል፤ አንዱ የሜዳው ቡድን፣ አንዱ የእንግዳው። የበላለት ቡድን ያሸንፋል። ስድስት ሳምንት ሙሉ አልሳተም። ፕሊማውዝ ወዳለው ስቱዲዮ ለመውሰድ ጊዜ ስላልነበረ ካረን፣ «ከዚሁ በቀጥታ እናስተላልፋለን፤ ምትኩን ገበሬው ያመጣላችኋል» ብላ ወሰነች።

መብራት ተተከለ፤ ባልዲዎቹ ቀረቡ። ሙክቱ ግን ቦጋለ ከትናንት ጀምሮ በቆሎ ሲያጎርሰው ስለቆየ ጠግቧል። ሁለቱንም አሽትቶ ፊቱን አዞረ።

ስቱዲዮ ተቀምጠው ጨዋታውን የሚተነትኑት ሦስት የቀድሞ ተጫዋቾች ከረባታቸውን ነካኩ። ካረን ማይክሮፎኑን ቦጋለ አፍ ላይ ደቀነችው። «አብረኸው ያደርከው አንተ ነህ። ምን ታዘብክ?»

ቦጋለ መዋሸት አይወድም። «ስቡ ጥሩ ነው። ብቻ ትናንት ግራ እግሩን ሳብ ያደርግ ነበር።»

«ግራ!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ። አንደኛው የሙክቱን እግር በስክሪኑ ላይ አክብቦ ቀስት ሰደደበት። ሁለተኛው የሜዳው ቡድን በግራ በኩል መሳሳቱን አስረዳ። ሦስተኛው፣ «ጠግቦ ሳይሆን አዝኖ ነው!» ብሎ መሐረብ አወጣ።

በዚህ መሀል መቅሊት ሕፃኗን ታቅፋ፣ ነጭ የለበሱ አርባ እንግዶች አስከትላ ደረሰች።

«ቦጌ፣ እስካሁን አላረድከውም?»

«ዝም በይ እንጂ፣ ኢንተርቪው ላይ ነው!»

ሙክቱ በክብር ተሸኘ። ከዚያ በፊት ይህን ጨዋታ አይተው የማያውቁት እንግዶች ዶሮ ወጡን እየበሉ ቴሌቪዥኑን ከበቡት። ገበሬው ምትኩን ይዞ ሲመጣ ጨዋታው ስላላለቀ ሊያርድ የሚነሳ ጠፋ። የሕፃኗ ክርስትና እናት እትዬ ሙሉ፣ «ግራውን ሸፍኑ እንጂ፣ እናንተ ልጆች!» እያሉ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ጮኹ። የሜዳው ቡድን በግራ በኩል ሦስት ጊዜ ገባበትና ተሸነፈ።

ሰኞ ጠዋት አንዲት አሮጊት ፈረንጅ አውቶቡሱ ላይ ወጥተው አልቀመጥ አሉ። «የሙክቱ አዋቂ! ለመጪው እሑድ ምን ትላለህ?»

«እማማ፣ እኔ ስለ ሙክት የማውቀው ጥብሱን ብቻ ነው።»

አሮጊቷ ከቦርሳቸው ብጣሽ ወረቀት አውጥተው መልሱን በጥንቃቄ ጻፉት።