ድልድዩ ደህና ነው ያለው ሰው

የአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ዮአና ከወንዙ ማዶ ስትመለስ የእግረኞች ድልድይ ተደርምሶባት ሞተች። ከመደርመሱ ሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሰው ድልድዩን መርምሮ «ደህና ነው» ብሎ ፈርሞ ነበር። ከተማው ሁሉ «ቺቾ»፣ አጎቴ እንደማለት፣ የሚላቸው አባቷ ሜቶዲ የሚፈልጉት የዚያን ሰው ስም ብቻ ነው።

የከተማዋ ሳምንታዊ ጋዜጣ ዘጋቢ ራዶስቲና የምርመራውን ወረቀት ከማዘጋጃ ቤት ጠየቀች። ሕጉ ለመልሱ አስራ አራት ቀን ይሰጣል። ጸሐፊዎቹም እያጉረመረሙ ግልባጩን አዘጋጅተው ነበር። እሷ ግን በአሥረኛው ቀን ትዕግሥቷ አለቀና «ዐቃቤ ሕግ የት ነው?» ብላ ፊት ገጽ ላይ ጻፈች፤ አቤቱታም ይዛ ራሷ ሄደች። ለወትሮው እንደ ኤሊ የሚጎተተው ዐቃቤ ሕግ ካምቡሮቭ ያን ዕለት ፈጠነ። «ባልታወቀ ሰው ላይ» ብሎ መዝገብ ከፈተና ዶሴውን ከማዘጋጃ ቤት ጠራርጎ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ «እኛ ጋ የለም» ይላል፤ ዐቃቤ ሕጉ «በምርመራ ላይ ያለ ጉዳይ ነው» ይላል፤ ፍርድ ቤት ብትሄድም ዳኛው ዐቃቤ ሕጉ ልክ ነው አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ራዶስቲናስ የምትለቅመውም አላገኘች።

አራት ዓመት አለፈ። ቺቾ ሜቶዲ በየወሩ ብቅ ይላሉ።

«አንቺ ጋዜጠኛ፣ ዛሬም ገና እየበሰለ ነው?»

«ገና ነው፣ ቺቾ።»

«የበሬ ጭንቅላት እንኳ በስሎ ነበር እኮ!»

እሷም ትስቃለች። ሲወጡ ግን ራሷን ትጠላለች፤ አራት ቀን ብትታገስ ኖሮ ወረቀቱ እጇ ላይ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ማብቂያ ካምቡሮቭ ለምስክርነት ጠራት። ያየችውን ለማንም እንዳትናገር አስፈረማትና አንድ ገጽ ከዶሴው አውጥቶ ገፋላት።

«የጠየቅሽው ይሄንን ነበር?»

ስሙን አነበበች። ጠዋት ዳቦ ስትገዛ «እንዴት አደርክ» ያለችው ሰው ነው።

«ከአፍሽ ካመለጠ ሰውዬው በጋዜጣ ተፈረደብኝ ብሎ ያመልጣል» አለ ካምቡሮቭ። «ሁለት ወር ስጪኝ፤ እከሰዋለሁ።»

አመነችው። ምን ታድርግ?

በሳምንቱ ቺቾ ሜቶዲ የዮአናን የሙት ዓመት ወረቀት ሊያሳትሙ መጡ። ፎቶው ከላይ፣ የልጅቷ ስም ከሥር፣ እንደ ሁልጊዜው በየምሰሶውና በየበሩ የሚለጠፍ ነው። ዘንድሮ ግን አንድ መስመር ጨምረዋል፤ «ድልድዩ ደህና ነው ብሎ የፈረመው፦»፣ ከዚያ ባዶ ቦታ።

«ዐቃቤ ሕጉ ጋ ገብተሽ ስትወጪ አይተውሻል» አሉ። «ሙዪልኝ።»

«አልችልም፣ ቺቾ። ለእርስዎም ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለሽ?» ወረቀቱን መልሰው ገፉላት። «እንግዲያው ባዶውን አትሚው።»

አርባ ቅጂ ታተመ። በሦስተኛው ቀን ባዶው ቦታ በየሰፈሩ በእስክሪብቶ ተሞላ። የፋርማሲው ምሰሶ ላይ ከንቲባው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቄሱ፣ ገበያው ጋ የአንዱ አማች፤ ሰው ሁሉ የጠላውን ጻፈ። ቺቾ ሜቶዲ ከምሰሶ ምሰሶ እየዞሩ ስሞቹን ደብተር ላይ ገለበጡ። በመንገድ ላይ ሰላምታ መቀበል ተዉ። ማንን ሰላም ይበሉ?

ሁለት ወሩ አለፈ፤ ከካምቡሮቭ አንዲት ገጽ ደብዳቤ መጣች። ፈጻሚው ስላልታወቀ ምርመራው ታግዷል። ታገደ እንጂ ስላልተዘጋ ዶሴው ለማንም አይታይም። ስሙን በዓይኗ ያነበበችው ራዶስቲና «ስላልታወቀ» የሚለውን ሦስቴ ደጋግማ አነበበች፤ ከዚያ ጠረጴዛውን በጥፊ መታች። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

በማግስቱ ሽማግሌው ደብተራቸውን ይዘው መጡ።

«ሠላሳ አንድ ስም አለ። ከነዚህ አንዱ ነው?»

ራዶስቲና ተነሥታ በሩን ዘጋች። ያሰሩኝ እንደሆነ ይሰሩኝ ብላ ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ነገረቻቸው። ከሠላሳ አንዱ ውስጥ አልነበረም።

ቺቾ ሜቶዲ አልደነገጡም።

«ወረቀቱስ?»

«እነሱ ጋ ነው።»

«ፎቶ አንስተሻል?»

«አላስነሡኝም። ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቺቾ! እምልልዎታለሁ!»

«ወይን ሻጩም ስለ ሌላ ስም ምሎልኛል። የቄሱ ጎረቤትም መስቀል ይዞ ነው የማለልኝ።»

«እኔን አያምኑኝም?»

«አምንሻለሁ እንጂ» አሉ። «ችግሩ ሁሉንም ነው የማምነው።»

እርሳሳቸውን በምላሳቸው አርሰው ስሙን ከግርጌ ጻፉት፤ ከፊቱም ሠላሳ ሁለት ብለው ቁጥር ሰጡት።